ትኑርልን ያቺ ሴትዮ

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ቪትዝ አይቼ መጣሁ። "ሌላ" ያልኩት ሰባተኛዬ ስለሆነች ነው። ስልካችሁ ላይ የመኪና መሸጫ ቻናል ያላችሁ ሁሉ ሕመሜን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሮሮዬን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ምስጋናው ልግባ።

አዎ፣ ምስጋና። አገሩ ላይ ደራሲ ጠፋ የሚል ሰው የመኪና ማስታወቂያ አንብቦ አያውቅም ማለት ነው።

"በጣም ፍሬሽ! ምንም ያልተነካች! በሴት የተያዘች! ገዝተው ወዲያው የሚነዷት! ደላላ አያስፈልግም! ዋጋ በውስጥ መስመር!"

ከሥሩ አራት ፎቶ። ሦስቱ የጎማ ናቸው። አራተኛው ላይ መኪናዋ የሰው ቪላ በር ላይ ቆማለች። ሰሌዳዋን አንድ ወፍራም አውራ ጣት ሸፍኖታል። ያቺን ጣት ከቻናሉ ባለቤት በላይ አውቃታለሁ።

ዋጋ በውስጥ መስመር መሆኑ ጨዋነት ነው። ደመወዝና ዕድሜ በአደባባይ አይጠየቅም፣ የቪትዝም ዋጋ እንደዚያው። በውስጥ ስትገቡ "ስልክ ላኩ" ትባላላችሁ። ስልክ ስትልኩ ይደወላል። የሚደውለው ባለቤቱ አይደለም፤ የባለቤቱን ደላላ የሚያውቅ ደላላ ነው። ስንት ነው ስትሉት "አንተ ስንት ይዘሃል?" ይላል። የመኪናዋ ዋጋ ለካ ያለው እናንተ ኪስ ውስጥ ነው።

"ምንም ያልተነካች" የምትለዋም ታስደስተኛለች። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የወጣ ስም ነው። አውሮፓ የሄደችዋ ያሪስ ትባላለች። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በግራ በኩል ተቀምጣችሁ የምትነዷት ቪትዝ መሪዋ ከነፔዳሉ፣ ከነዳሽቦርዱ ተነቅሎ ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግሯል። ከዚህ በቀር ግን ምንም አልተነካችም።

ከሁሉ የምወደው "በሴት የተያዘች" የሚለውን ነው። እስቲ ስለዚህች ሴትዮ እናውራ። ማን ናት? ቻናሉን ከላይ እስከ ታች ብታዩት ቪትዟን የያዘችው እሷ ናት። ያሪሷንም እሷ። ዲኤክስ ኮሮላውንም እሷ። ሰሞኑን አንድ ፒካፕ፣ ኋላው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት፣ "በሴት የተያዘ" ተብሎ ወጥቷል። ግንባታ ጀምራለች ማለት ነው፤ እሰይ። አይሱዙ ላይ ገና አላየኋትም። ግን አትቀርም።

ኑሮዋን ከማስታወቂያው አጥንቼዋለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመለሳለች። ዝናብ ካለ አትነዳም። ኮረኮንች አትወድም፤ ሰፈሯ ኮረኮንች ከሆነ መኪናዋን ተሸክማ ትወጣለች መሰለኝ። ፍሪሲዮን አትረግጥም። ማርሽ በልመና ነው የምታስገባው። አንዳንዴ ዶክተር ናት፣ አንዳንዴ ባንክ ትሠራለች። ሁልጊዜ ግን ውጭ ልትሄድ ነው። "ባለቤቷ ወደ ውጭ ሊሄዱ ስለሆነ በአስቸኳይ።" ይህን ቻናል መከታተል ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እየሄደች ነው። ምን ነካት? ቦሌ ስትደርስ ሌላ ቪትዝ እያየች ትመለሳለች?

ቅዳሜ ያየኋት መኪናዋ 2002 ሞዴል ናት፤ በፈረንጅ። ቆጣሪው 84,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ለ23 ዓመት አካፈልኩት። በቀን 10 ኪሎ ሜትር። ሴትዮዋ ከሰሚት ተነስታ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ስትደርስ ኮታዋ ያልቃል። መኪናዋን እዚያው አቁማ በታክሲ ትመለሳለች። በማግስቱ በታክሲ ሄዳ ትወስዳታለች። እንዲህ እያደረገች 23 ዓመት። ስንት ትዕግሥት ነው!

መካኒክ ወዳጄን ይዤ ነበር የሄድኩት። ጋሼ ነው የምለው። ወሬ አያበዛም። የሾፌሩን በር ከፍቶ በአገጩ ወደ ታች አሳየኝ። የፍሬኑ ፔዳል ጎማ ተበልቶ ብረቱ ያብረቀርቃል። የሾፌሩ ወንበር ሰምጧል፤ የጎኑ ደህና ነው። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ ፀሐዩ በኩል ወሰደኝ። በሩ ላይ ከሌላው ቀለም የደመቀ አራት ማዕዘን አለ። የጥሪ ታክሲ ተለጣፊ የነበረበት ቦታ።

"ሴትዮዋ ታክሲ ትሠራ ነበር እንዴ?" አልኩት ደላላውን።

"አልፎ አልፎ ነው፣ ብሮ።"

ጋሼ ከወንበሩ ሥር የደረቀ ገረባ ይዞ ወጣ።

"ይሄስ የሷ ነው?"

"የወንድሟ ነው" አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ከዚያ ጋሼ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ። የዳሽቦርዱ መብራቶች በሩ። የኤርባጓ፣ ማለትም መኪና ሲጋጭ ከመሪው ውስጥ ተነፍቶ ሾፌሩን የሚያተርፈው ከረጢት፣ መብራት ግን አልበራችም። ይህች መብራት ቁልፍ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት ነበረባት። ጭራሽ ካልበራች ሰው ነክቷታል ብሎ መጠርጠር ነው። ጋሼ የመሪውን መሃል በጣቱ መታ መታ አደረገው። እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ሽፋኑን ሲፈታው ውስጡ ምንም የለም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ዱኮ ደብቁ። ኪሎ ሜትር አስቀንሱ። ሌብነት ነው፤ ግን የወሰዳችሁት ብሬን ነው። ኤርባጓ ፈንድቶ ያለቀን መኪና መብራቷን ቆርጦ "ገዝተው የሚነዷት" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺን መኪና የሚገዛት ስንት ዓመት እቁብ ሲጥል የኖረ አባት ነው። ልጆቹን ከኋላ ጭኖ የሐዋሳን መንገድ ይወጣባታል። ያንን ሽፋን በልኩ ሠርቶ የገጠመው እጅ ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል። ደላላውም ሸጦ የሚበላት የሁለት ፐርሰንት ኮሚሽን ከምን እንደተቆረጠች ያውቃል። ነውር ነው። ከነውርም በላይ ነው።

እሺ። ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ዋጋዋ 1.4 ሚሊዮን ብር። አትደንግጡ። በ2012 የኤክሳይስ ታክሱ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ወረደ። ቪትዝ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ ጨምር። ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። እኛ ጋ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ሲያረጅ ይከበራል። የኤሌክትሪክ መኪኖቹም ቻናሉን ተቀላቅለዋል። ባለፈው አንዷ "ዘይት የማትበላ" ተብላ ወጣች። ሻጩ እውነቱን ነው፤ በቻናሉ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ገዢውም እንዳይቀርበት። መኪናዋን ሳያይ "መጨረሻው ስንት ነው?" የሚል፣ ግማሹን ብር እንኳ ሳይዝ ስለ ባትሪዋ ሲከራከር የሚያመሽ ሞልቷል። አንዱ እኔ ነኝ።

ሰኞ ማታ ቻናሉን ከፈትኩ። ያቺው ቪትዝ፣ ያቺው አውራ ጣት። አንድ አዲስ ፎቶ ተጨምሯል። ኮፈኑ ተከፍቶ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሞተር ያያል። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። የጋሼ ጀርባ ነው፤ ሰማያዊ ቱታውን ከግሪሱ ለየሁት። ጽሑፉም አድጓል፤ "በሴት የተያዘች! በባለሙያ የታየች!"

በውስጥ ገብቼ ዋጋ ጠየቅኩ። 50,000 ጨምራለች።