መመሪያው የማይነግረን ነገር

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ኪውትን (Qt፣ መተግበሪያ የሚሠራበትን የሶፍትዌር ማዕቀፍ) ከምንጭ ኮዱ ለአንድሮይድ መገንባት ምን ያህል እንደሚያማርር የሞከረው ያውቀዋል። ኪውት 6 ለስልክ ከመገንባቱ በፊት፣ በምንሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ኪውት አስቀድሞ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ኮድ የሚያመነጩት መሣሪያዎች የሚሠሩት በስልኩ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ ነውና። ይህ ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ጃቫው፣ እንዲሁም ኤስዲኬውና ኤንዲኬው (የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያ መሣሪያዎቹ) ከኪውቱ ስሪት ጋር ካልተስማሙ፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ የሚመጣው የስህተት መልእክት ከእውነተኛው ችግር ጋር የማይገናኝ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን ማውረዱ ነው። በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) የተጀመረ ክሎን፣ ማለትም የኮዱን ሙሉ ቅጂ ማውረድ፣ ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ለዳታ የተከፈለውም ገንዘብ አብሮ ይቀልጣል። (የኮዱን የታመቀ ፋይል ካቆመበት በሚቀጥል ማውረጃ መሳብ በእጅጉ ይሻላል።) መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች «ኮዱን አውርዳችሁ ገንቡ» ብለው በአንድ መስመር ሲያልፉት፣ በሞባይል ዳታና በሚቆራረጥ መብራት የሚሠራው የሰሜን ሸዋ ወጣት ጨርሶ አልታያቸውም፤ ስንት ጊጋባይት እንደሚወርድና ምን ያህል የዲስክ ቦታ እንደሚያስፈልግ እንኳ አስቀድመው አይነግሩትም።