ወንበሩን የሚያባክነው ዕድሜ አይደለም

«ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈውን ሰው ሐኪም ለማድረግ መድከም ወንበር ማባከን ነው» የሚለው አባባል ሰሞኑን እንደገና ሲነገር እየሰማን ነው። ተናጋሪዎቹ ሒሳብ የያዙ ይመስላቸዋል። እንግዲያው እናስላው፦ በ36 ዓመቱ የጀመረ ሰው የሕክምና ትምህርቱን ስድስት ዓመት ሲጨርስ 42፣ አራት ዓመት ስፔሻላይዝ ሲያደርግ 46 ይሆነዋል። እስከ 65 ቢሠራ 19 ዓመት ሕመምተኛ ያያል። የቱ ነው የባከነው?

ይበልጥ የሚያናድደው «ከዚያ በኋላ ጭንቅላት አይቀበልም» መባሉ ነው። ጭንቅላቱ ይቀበላል፤ የሚበላሸው አጠናኑ ነው። ከትምህርት የራቀ ሰው ንጹሕ ማስታወሻ ይጽፋል፣ በቀለም ያሰምርበታል፣ ደጋግሞ ያነበዋል። ገጹን ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል፤ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ግን አይመጣለትም። መፍትሔው መጽሐፉን ዘግቶ ከራስ ማውጣት ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቭ መረብ፣ 5 ሥር፣ 3 ግንድ፣ 6 ክፍፍል፣ 3 ገመድ፣ 5 ዋና ቅርንጫፍ እያለ ባዶ ወረቀት ላይ ይሣለው፤ በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ይድገመው። የሃያ ዓመቱም ልጅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለውም።

ደግሞስ ሕክምና ሽምደዳ ብቻ ነው ያለው ማነው? ስኳሩ አልወርድ ያለ ሕመምተኛ ዎርድ ተኝቷል እንበል። ኢንሱሊኑ ይጨመርለታል፤ አይወርድም፤ እንደገና ይጨመራል። «እቤት እንደሚወጉት አድርገው እስቲ ያሳዩኝ» ያለው ግን የለም። ቢባል ኖሮ፣ ሰውየው ሁልጊዜ እምብርቱ አጠገብ አንድ ቦታ እንደሚወጋ፣ ቦታው አብጦ እንደጠጠረ፣ መድኃኒቱም ከዚያ እብጠት ወደ ደም በወጉ እንደማይገባ በአንድ ደቂቃ በታየ ነበር። ያ የተጨመረው መጠን ሳይቀነስ ጤነኛ ቦታ ላይ ከተወጋ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ወይም ዓይኑ ደክሞ የሲሪንጁን መስመር መለየት አቅቶት፣ ይህን ለመናገር አፍሮ ይሆናል። ወደ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት አሥር ዓመት ያስተማረ ሰው «አዎ፣ ገብቶኛል» የሚለው መልስ ምንም እንደማያረጋግጥ ያውቃል፤ ተማሪው ሠርቶ ካላሳየው አያምንም። ይህን ዕውቀት የትኛው የመግቢያ ፈተና ይለካዋል?

እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆና ከቆየች በኋላ ሕክምና የጀመረችው በ33 ዓመቷ ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎች ሲሰቃዩ አጠገባቸው ተቀምጣ ስላየች፣ ሞርፊን ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ ታገለች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የከፈተችው ሆስፒስ (ለሞት የተቃረቡ ሕመምተኞች የሚታከሙበት ተቋም) ለዘመናዊው የማስታገሻ ሕክምና መነሻ ሆነ። ወንበሩ የባከነው በእሷ ነው?

ዘርፍ ሲመረጥ ዕድሜ መቆጠሩን አልክድም። አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስትነት ሥልጠና) 3 ዓመት፣ የአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሕክምና 7 ዓመት ይፈጃል፤ በአርባ ዓመት ለሚጀምር ልዩነቱ ትልቅ ነው። ትልቅ ሰውን ከመንገድ የሚያስቀረውም አናቶሚ ሳይሆን ዲዩቲ (የሌሊት ተረኝነት) እና የቤት ወጪ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመልቀቁ በፊት አንድ ሴሚስተር ኬሚስትሪ ከሥራው ጋር ይማር፤ ሲደክመው የሚሆነውን እዚያው ያየዋል። የቤት ወጪውን ለሁሉም ዓመታት ጽፎ አንድ ዓመት ይጨምርበት፤ በአንድ ትምህርት መውደቅ ዓመቱን ሊያስደግም ይችላልና። በዲዩቲ ሌሊት ልጁ ቢታመም ማን እንደሚነሣ ከትዳር ጓደኛው ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ። «ያኔ እናያለን» ከተባለ፣ ማመልከቻውን ገና አያስገባ።