ሦስት ዓይነት «ቢሆንም»

እናቴ ወጥ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበላት የእንግሊዝኛ ቃል «ኖትዊዝስታንዲንግ» ነው። ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የጫማ ካርቶን ቆርጬ፣ በማርከር ጽፌ፣ በፕላስተር።

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ አንድ ጠዋት፣ ቲማቲም ልታወጣ ፍሪጁን እየከፈተች።

«ቢሆንም ማለት ነው።»

«እሺ። ምጣዱ አጠገብ ያለውስ?»

ምጣዱ አጠገብ ያለው «ኔቨርዘለስ» ነው። «እሱም... ቢሆንም ነው።»

«በሩ ላይ ያለው ትንሹስ?»

«ኦልቢት።» ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ቢሆንም።»

ቲማቲሟን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «ምን ቢደርስባቸው ነው ሦስት ዓይነት ቢሆንም ያስፈለጋቸው?»

መልስ አልነበረኝም። መጠየቅ ግን መብቷ ነው። የአይልትስን (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን) ክፍያ የከፈለችልኝ ከእቁቧ ነው። እቁቡ ሲወጣላት ሶፋ ልትቀይር ነበር። አሁን ሳሎናችን ውስጥ ያለነው አሮጌው ሶፋና እኔ ነን።

ለማስተርስ ውጭ ልሂድ ብዬ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂውንም ታሪኩንም የሸመደድኩት በእንግሊዝኛ ነው። ዲግሪዬም በእንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም (ይኸው፣ አመለጠኝ) እንግሊዝኛ እንደምትችል አስመስክር ተባልኩ።

አስጠኚያችን በመጀመሪያው ቀን አንድ የቃላት ዝርዝር አደለን። ዝርዝሩን ያወጣችው አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ናት፤ በፈረንጆቹ 2000። 3.5 ሚሊዮን ቃላት የሚሆን የትምህርት ጽሑፍ ሰበሰበች፤ ከሕግ፣ ከንግድ፣ ከሳይንስ፣ ከሌላም። ከዚያ በየዘርፉ ደጋግመው የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለቅማ አወጣች። ቤተሰብ የሚለውን ልብ በሉልኝ። «አናላይዝ» ብቻውን አይመጣም። «አናሊሲስ»ን፣ «አናሊስት»ን፣ «አናሊቲካል»ን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ልክ እንደ ሠርግ ጥሪ ነው፤ አንዱን ትጠራለህ፣ ሰባት ሆነው ይገባሉ።

ዝርዝሩ በ10 የተከፈለ ነው። በብዛት የሚያገለግሉት መጀመሪያ ላይ ናቸው፣ ብዙም የማያጋጥሙት መጨረሻ ላይ። ጤነኛ ሰው ከ1 ይጀምራል። እኔ ከ10 ጀመርኩ። «አናላይዝ» ያለን ሰው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? «ኖትዊዝስታንዲንግ» ግን ያስከብራል። ቃሉን ለመጥራት ራሱ ትንፋሽ ይፈልጋል።

አብዛኞቹ ቃላት ከላቲንና ከግሪክ የመጡ መሆናቸውን ሳውቅ ቀለል አለኝ። ለካ ፈረንጅም ግእዝ አለው! እኛም ከበድ ያለ ነገር መናገር ሲያምረን ግእዝ እንበደራለን፤ ንድፈ ሐሳብ፣ ሥነ ልቡና፣ ርእዮተ ዓለም። ሰፈር ውስጥ «መብራት ሄደ!» ነው የሚባለው። ዜና ላይ ሲደርስ «የኃይል መቆራረጥ ተከስቷል» ይሆናል። እሱንም የሚሰማው መብራት ያለው ሰፈር ነው።

ያስቸገረኝ ግን ግራፉ ነው። የአካዳሚኩ አይልትስ የጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ ግራፍ፣ ሰንጠረዥ ወይም ካርታ ነገር ይሰጥህና ቢያንስ በ150 ቃላት ግለጽ ይልሃል። ለምን እንዲህ ሆነ ማለት የለም። ማን አደረገው ማለት የለም። ያየኸውን ብቻ። ይሄ ለሐበሻ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ እኮ ያየነውን ትተን ምክንያቱን ነው የምናወራው።

ቅዳሜ እማዬ ከገበያ ስትመለስ ደብተር ይዤ ጠበቅኳት። የሽንኩርት ዋጋ የሦስት ወር ታሪክ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለው። እሷ ነገረችኝ፣ እኔ ግራፍ ሠራሁ፣ ጽፌም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «የሽንኩርት ዋጋ ሲግኒፊካንትሊ ፍላክቹዌት አደረገ።»

«ፍላክቹዌት ምን ማለት ነው?»

«ከፍ ዝቅ አለ ማለት ነው።»

«መቼ ነው ዝቅ ያለው?»

ደብተሬን አየሁ። መስመሩ አንዴም ወደ ታች አልታጠፈም።

«እኔ የነገርኩህ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ ነው» አለች ዘንቢሏን እያራገፈች። «ዝቅ ያለበትን ቦታ አሳየኝና እዚያ ሄጄ ልግዛ።»

ያንኑ ጽሑፍ ለአስጠኚያችን ሰጠሁት። «ፍላክቹዌት» ላይ አስምሮ «ቆንጆ ቃል!» ብሎ ጻፈልኝ።

የአስጠኚያችን ሌላው ሕግ አንድን ቃል ሁለቴ አትድገሙ የሚል ነው። «ሰው» ካልክ ቀጥሎ «ግለሰብ»፣ ከዚያ «የኅብረተሰቡ አባል» እያልክ ትሄዳለህ። ስድስተኛው መስመር ላይ ስንት ሰው እንዳለ አንተም አታውቅም።

የቃል ፈተናው ቀን ደረሰ። ወረቀት ተሰጠኝ፤ የምታደንቀውን ሰው ግለጽ ይላል። ለመዘጋጀት አንድ ደቂቃ፣ ለመናገር እስከ ሁለት ደቂቃ። ማንን ልግለጽ፣ እናቴን ነዋ። ስለ እቁቧ፣ ስለ ሶፋዋ፣ ስለ ሽንኩርቷ ብናገር ሁለት ደቂቃ መች ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን አንድ የሸመደድኩት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሌላውን አላሳልፍ አለ። አፌን ከፈትኩና «እናቴ ዩቢኩተስ ናት» አልኩ። ከዚያ ዝም። ፈታኟ ቅንድቧም አልተነቃነቀ። ሰዓቷን አየች። እኔም ሰዓቷን አየሁ።

ቤት ስገባ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ስለ እኔ ምን አልክ?»

«በሁሉም ቦታ ትገኛለች አልኩ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ምሉዕ በኩለሄማ እሱ ብቻ ነው! ሰው ይባላል እንዴ እንደዚያ? ነገ ሄደህ አስተካክል።»

ዩቢኩተስን በአንድ ትንፋሽ ተረጎመችው። አስጠኚያችን ግማሽ ሰዓት ፈጅቶበት ነበር።

ውጤቱ መጣ። ስድስት ተኩል።

«ከስንት?»

«ከዘጠኝ።»

«ከዘጠኝ ይታረማል እንዴ? አሥረኛዋን ማን ወሰዳት?»

ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው ሰባት መሆኑን ለጊዜው ዋጥ አደረግኩት። ነገር ለማስቀየስ ብዬ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት እንደሆነ ነገርኳት።

«ከዚያስ? ይበላሻል?»

«እንደዚያ ነገር።»

ፍሪጁን አየች፣ እኔን አየች። ካርዱን ልገነጥል ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ተወው። ሁለት ዓመት ቅርብ ነው።»