«ሳጥኗ መዝገብ ላይ የለችም» ተባልኩ

ኧረ በእናታችሁ ይሄን ስሙኝ! አሁን ከግቢው መውጣቴ ነው። እጄ በንዴት ይንቀጠቀጣል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይመስላችሁ።

የዚያን የላብራቶሪ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን የሚያሳየውን የቴክትሮኒክስ 7603፣ ችግር አገኘሁት። ዋናው ማሽን ጤነኛ ነው። 7A18 የምትባለውን ተሰኪ ሳጥን (ፕላግኢን) ስሰካበት ይጠፋል፣ ስነቅላት ይነሳል። ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይናገር? ፕላግኢኗ ውስጥ፣ የ15 ቮልቱ መስመር ላይ፣ ባቄላ የምታክል የታንታለም ካፓሲተር፣ ቻርጅ የምትይዝ ትንሽ ዕቃ፣ ሾርት ሆናለች። የዚያ ዘመን ታንታለም አመሉ ነው። ሲያረጅ ሾርት ይሆንና መስመሩን በሙሉ ይዞ ይወድቃል።

ቤት ወስጄ በነፃ ልሠራት ነበር። በነፃ! ንብረት ክፍል ገባሁ።

«ጋሼ፣ መውጫ ይጻፉልኝ።»

«የምን?»

«የዚህች ሳጥን። የኦሲሎስኮፑ ናት።»

መዝገቡን ገለጡ።

«ኦሲሎስኮፕ፣ ብዛት አንድ ነው የሚለው። ይቺ ሳጥን መዝገብ ላይ የለችም።»

«ያለሷ እኮ ማሽኑ ምንም አያይም! ሲግናሉ የሚገባውም የሚጎላውም በሷ ነው።»

«የሌለ ንብረት አላስወጣም። ደሞስ ከየት እንዳመጣሃት በምን አውቃለሁ?»

ከየት እንዳመጣሃት! ተማሪው ሁሉ ቆሞ እየሰማ! ሌባ ለማለት ምን ቀራቸው?

የቴክትሮኒክስ 7000 ተከታታይ ማሽኖች አሠራር እኮ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ነው። ዋናው ማሽን ለብቻ፣ ፕላግኢኑ ለብቻ። 7603 ሦስት ማስገቢያ አለው። ሁለቱ ሲግናሉን ለሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ አንዱ የሞገዱን ጊዜ ለሚለካው ታይም ቤዝ። እንደ ሥራው እየቀያየሩ እንዲሰኩበት ነው የተሠራው። መዝጋቢው ይሄን ሳይጠይቅ «አንድ» ብሎ ጻፈ፤ እዳው እኔ ላይ መጣ።

ከኔ በፊት የነካካት ሰውዬማ ተዉት! የወርቅ ቅብ ያላቸውን ኮንታክቶች በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጓቸዋል። የቮልት መምረጫው ውስጥ ደግሞ ዘይት ረጭቶበታል። በንጹህ አልኮል ቀስ ብሎ መጥረግ ሲቻል! ወርቁ አንዴ ከተፋቀ ማን ይመልሰዋል? የቴሌቪዥን ደንበኞቼም እንደዚሁ ናቸው። መጀመሪያ ጎረቤት ይፈታዋል፣ ብሎኑ ይጠፋል፣ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣና «ለምን ተወደደ?» እባላለሁ። መብራቱም ሄዶ ሲመጣ እየዘለለ ስንቱን ፓወር ሰፕላይ ጨረሰብን።

አሁን ማሽኑ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር «የሚወገድ» ተብሎ ተጽፏል። 7A18 እስከ 75 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ሞገድ ታሳያለች፤ ሁለት ቻናል አላት፤ በስክሪኑ አንድ ካሬ እስከ 5 ሚሊቮልት ድረስ ትወርዳለች። ለተማሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ልጆቹ ሞገድ የሚያዩት ደብተር ላይ ተስሎ ብቻ ነው። ያንገበግበኛል! ደክሞኛልም።

ነገ ደብዳቤ አስገባለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ይሉኛል፤ ይበሉኝ፣ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እስከዚያው አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ጥሩ ታንታለም የት እንደሚገኝ ንገሩኝ። የምትቀመጠው 15 ቮልት ላይ ነው፤ ከ25 ቮልት በታች ብቻ የሚችል እንዳትልኩልኝ።