ሐዘንተኛውን ብቻውን አታስፈርሙት

አገር ቤት ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ምንም ነገር እንዲሠራ አይጠበቅበትም። ጡሩንባ ይነፋል፣ ሰፈሩ ይሰማል። ድንኳን የሚተክለው፣ ሳጥን የሚገዛው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው እድር ነው። እሱ ያለቅሳል፣ ይጽናናል፣ በቃ። ልቡ የተሰበረ ሰው ዋጋ እንደማይከራከር አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

አሜሪካ የምንኖረው ይህን ልማድ ግማሹን ብቻ ነው ይዘን የመጣነው። ለቅሶ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ምግቡ በትሪ በትሪ ይገባል። እድር ያለው ከእድሩ፣ የሌለው በኢንተርኔት መዋጮ፣ በጎፈንድሚ፣ ብር ይሰበሰብለታል። ቀብር አስፈጻሚው ድርጅት፣ ፊውነራል ሆም፣ ሄዶ የሚፈርመው ግን ማነው? ትናንት እናቱን ያጣው ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሶፍት ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሳጥን ካታሎግ። «ለእናትህ የትኛውን ትመርጣለህ?» ሲባል ረከስ ወዳለው መጠቆም እናትን ማሳነስ ይመስለዋል። ይፈርማል።

የሚፈርመው ደግሞ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የአሜሪካ የቀብር አስፈጻሚዎች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አስከሬኑ ለስንብት የሚታይበት ቀብር መካከለኛ ዋጋው 8,300 ዶላር ነው። የመቃብር ቦታውና ሐውልቱ እዚህ ውስጥ የሉም።

ሕጉ ለሐዘንተኛው ያደላል፤ ችግሩ የሚያውቀው ጥቂት መሆኑ ነው። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የቀብር ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ፊውነራል ሆሙ ድረስ ሄዶ ስለ ዋጋ ለጠየቀ ሰው የታተመ የዋጋ ዝርዝር ሊሰጡት ግድ ነው፤ ይዞትም መሄድ ይችላል። በስልክ ለጠየቀም ስሙን ሳይናገር ዋጋውን ሊነግሩት ይገባል። ጥቅሉን አልፈልግም፣ ይህንና ይህን ብቻ ስጡኝ ማለት ይቻላል። አይቀሬው የመሠረታዊ አገልግሎት ክፍያው ነው። ሳጥን ከሌላ ቦታ ገዝተው ቢያመጡ ፊውነራል ሆሙ እምቢ ማለትም፣ ለዚያ ተጨማሪ ማስከፈልም አይችልም። ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ሳጥን ብዙ ብር ይጨምራል፤ አስከሬኑን ለዘለዓለም ያቆየዋል ብሎ መሸጥ ግን ክልክል ነው። አስከሬኑን በመድኃኒት ማቆየትን ሕግ በማያስገድድበት ቦታ «ሕጉ ያስገድዳል» ማለትም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ሙስሊም ወገኖቻችን ከእኛ ይሻላሉ። መስጊዱ የሚያውቀው ፊውነራል ሆም አለ። ጀናዛው ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ በቶሎ ይቀበራል። ካታሎግ ማገላበጥ የለም።

አስከሬኑ አገር ቤት ይግባ ከተባለ ነገሩ ይለያል። ለረጅም በረራ በመድኃኒት ማቆየቱ አይቀርም። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የኤምባሲ ጉዳይ፣ የካርጎ ቦታ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ልካችሁ ታውቃላችሁ?» መሆን አለበት። የማያውቅ ቤት ከገቡ ወረቀቱ ሲጓተት ቀኑ ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ ድንኳን ተክሎ ይጠብቃል።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። አስከሬን ማቃጠል ከቀብር ይረክሳል፤ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ በጣም ይረክሳል። ዛሬ ከአሜሪካውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚመርጡት እሱን ነው። በቁሙ አስቦበት ለራሱ ለወሰነ ሰው ምንም ማለት አልችልም። ዕድሜ ልኳን ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም የኖረች፣ ፍትሐትና አፈር የምትጠብቅ እናት ግን ልጇ ብር ስላጠረው ብቻ ከተቃጠለች፣ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ንፍሮ በልተን የተነሣን የሁላችንም ነው።

ስለዚህ እድሮቻችን ብር ሰጥተው አይብቃቸው። ከአባላቱ ረጋ ያሉ፣ እንግሊዝኛውንም ደንቡንም የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይመረጡ። መርዶ በተሰማ ዕለት ከሐዘንተኛው ጋር ቢሮ ይግቡ፤ የዋጋ ዝርዝሩን ይቀበሉ፤ «ነገ እንመለሳለን» ማለትም ይልመዱ። በየዓመቱ በአካባቢው ላሉ ፊውነራል ሆሞች ደውለው ዋጋቸውን ያወዳድሩ፣ ለአባላት ይበትኑ። አባል ሲመዘገብ ደግሞ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመርለት፦ እዚህ ልቀበር ወይስ አገሬ? ወላጆቻችንን ፊት ለፊት ለመጠየቅ «ሟርት ነው» እያልን የምንሸሸውን ጥያቄ ቅጹ ይጠይቅልን።