ያለፈው ለውጥ የት ደረሰ?

አዲስ ለውጥ በሚታወጅበት ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበሮችን እዩ። ከፊት ስላይዱ ይገላበጣል፤ ራዕይ፣ ሽግግር፣ አዲስ ምዕራፍ። ከኋላ አንዱ ወደ ጓደኛው ጠጋ ይልና "ደግሞ ጀመራቸው" ይላል። ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። በመጨረሻ ከሁሉም በላይ የሚያጨበጭቡትም እነሱ ናቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አለቆች ይህን ሳቅ "ለውጥ መጥላት" ይሉታል። አልስማማም። ሰውየው ያለፉትን እየቆጠረ ነው። ያ አዲስ የሥራ አፈጻጸም ምዘና የት ደረሰ? በሐሳብ መስጫ ሳጥኑ የገባውን ማን አነበበው? ተሳካ አልተባለም፣ ከሸፈም አልተባለም። ዝም ተብሎ ተተወ።

ራይከርስ፣ ዋኑስና ኦስቲን የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህን ምጸት ከሁለት ነገር ጋር አያይዘውታል። አንዱ "አይሳካም" የሚል ተስፋ መቁረጥ ነው። ሌላው ጥፋቱን በመሪዎቹ ስንፍና ወይም አለመቻል ላይ መጣል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። አንዴ "እነዚህ ሰዎች አይችሉም" ከተባለ፣ ጥሩ ዕቅድ ይዘው ቢመጡም የሚሰማቸው የለም። ማንም ከልቡ ስለማይሠራ ዕቅዱ ይወድቃል። ከዚያ "አላልኩህም?" ይመጣል። ደግሞም ብሎ ነበር።

"ሠራተኛ እየለቀቀብን አይደለም" ብሎ የሚጽናና አለቃም አለ። ሜየርና አለን የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳስቀመጡት ግን ሰው መሥሪያ ቤቱን ስለሚወድ፣ መቆየት ግዴታው ስለሚመስለው ወይም መልቀቅ ስለሚጎዳው ሊቆይ ይችላል። መልቀቅ ስለሚጎዳው ብቻ የቆየው ሰዓት አክብሮ ይገባል፣ የታዘዘውን ይሠራል። ከዚያ አልፎ ግን ንክች አይልም። ስም መጥሪያው ላይ ሁሉም እኩል "አለ" ነው።

በተፈጥሮው ሁሉም ነገር የሚመረው ሰው የትም አይጠፋም፤ እሱን ተዉት። አዳራሹ በሙሉ ሲስቅ ግን ጉዳዩ የጠባይ አይደለም።

እኔ ብሆን አዲሱን ዕቅድ ከማቅረቤ በፊት አንድ ስላይድ እጨምር ነበር፦ ባለፈው ምን ቃል ገባን፣ የቱን ፈጸምን፣ የቱን ተውን፣ ለምን? ይህን ስላይድ ደግሞ ለአማካሪ አትስጡት። ያንን ለውጥ ያስጀመረው ኃላፊ ራሱ ቆሞ ያቅርበው፤ ጥያቄም ይቀበል።