መነጽር ያደረገች መኪና

በጋው ጠንከር ሲል ባለመኪና ሁሉ ሽር ጉድ ይጀምራል። በመጀመሪያ ያ የሚያብለጨልጨው የፀሐይ መከላከያ ይገዛና የፊት መስታወቷ ላይ ይዘረጋል። መነጽር መሆኑ ነው። ቀጥሎ ከስፖኪዮው ሥር የሚንጠለጠል ሽቶ፣ ላብ የማይዝ የወንበር ልብስ፣ እጅ የማያቃጥል የመሪ ልብስ ይመጣል። ጎማዎቹ ታጥበው ጥቁር ቅባት ይቀባሉ፤ ጥርሳቸው አልቆ ተመልጠዋል፣ ግን ራሰ በራም ቅባት ሲያገኝ ያበራል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል ኮፈኑን የሚከፍት የለም። የኮፈን መክፈቻ ጊዜው የታወቀ ነው፤ እንፋሎት ሲወጣ። ያኔም የሚከፈተው ባለቤቱ ውስጡ ያለውን ስለሚያውቅ አይደለም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈን ያልከፈተ ሰው ግድ የለሽ ስለሚመስል ነው።

መነጽሩን አንናቅ። ክሩስኮቱንና መሪውን ከፀሐይ ይከልላል፣ ስንገባ እጃችን አይለበለብም። ሞተሩ ግን በመነጽር አይቀዘቅዝም። ሞተር የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ነው፤ ጣጣው የመጣውም ያንን ፈሳሽ «የራዲያተር ውሃ» ብለን ከጠራነው ቀን ጀምሮ ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት። ውሃ ተባለ፣ ውሃ ሆኖ ቀረ፤ ከቧንቧ እየተቀዳ ይሞላል።

መሞላት ያለበት ኩላንት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሹ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል፣ ግማሹ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ። ተራ ውሃ በባሕር ወለል ደረጃ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ ግማሽ በግማሹ ቅልቅል እስከ 106 ወይም 107 ይታገሣል። የራዲያተሩ ክዳን የአንድ ባር ያህል ግፊት ሲጨምርበት ደግሞ ወደ 130 ይጠጋል። ሞተር በጤናው ቀን የሚሠራው ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ባለው መሃል ስለሆነ፣ ይህች ልዩነት የመድረስና የመቆም ልዩነት ናት። ደጋ ላይ ነገሩ ይብሳል፦ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ መፍያ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ሞተሩ ገና ሥራ ሲጀምር ውሃው ፈልቶ ጨረሰ ማለት ነው።

የቧንቧ ውሃ ሌላም አመል አለው። በማንቆርቆሪያ ግርጌ የምናየውን ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይተዋል፤ ዝገት የሚከላከል ምንም ነገር ስለሌለበትም የውሃ ፓምፑን ከውስጥ ይበላዋል። መንገድ ላይ ተጨንቀን ያገኘነውን ውሃ ብንሞላ ማንም አይፈርድብንም። ጥፋቱ ከጭንቁ በኋላ ሦስት ዓመት በዚያው ውሃ መንዳት ነው።

ኩላንት ለመግዛት የወሰነ ሰው ደግሞ በቀለም ይመርጣል። አረንጓዴ ይሻላል፣ ቀይ ይሻላል እየተባለ እንደ ግድግዳ ቀለም ይከራከሩበታል። ቀለሙ ፋብሪካው የጨመረው ማቅለሚያ ነው፤ ሁለት አረንጓዴዎች ፈጽሞ የማይስማሙ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚታየው በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ዓይነት ነው። የማይጣጣሙ ሁለት ዓይነቶች ሲደባለቁ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ኃይሉን ያጣል፣ አንዳንዴም ረግቶ እንደ ሙጫ ይሆንና ቱቦውን ይደፍናል። የድሮው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል፣ ረጅም ዕድሜ ያለው እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ዘላለም የሚቆይ ግን አልተሠራም። አንድ ነገር ሳይረሳ፦ ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ሲፈስ ሳይታጠብ ከቀረ ውሻም ድመትም ይልሰዋል፤ ትርፉንም በተከፈተ ዕቃ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ አይገባም።

ስለ ክዳኑ «ሲሞቅ በማንኪያ፣ ሲበርድ በእጅ» ማለት አያዋጣም፤ ሲሞቅ በማንኪያም አይነካም። በክዳኑ የታፈነው ፈሳሽ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳይፈላ የተቀመጠው በግፊቱ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲላቀቅ ግፊቱ ይጠፋል፣ ፈሳሹም በአንዴ ፈልቶ ወደ ፊትና ወደ እጅ ይረጫል። ጨርቅ ደርቦ መክፈትም ጨርቁን ከማብሰል አያልፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የፈሰሰው አይለቀምም። ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑ ይከፈትና የውስጥ ጎማዋ መሰንጠቅ አለመሰንጠቋ፣ ስፕሪንጓም መላላት አለመላላቷ ይታያል። ክዳን ራሱ ሲያረጅ ግፊት አይዝም፤ ብዙ ሰው ራዲያተር ቀይሮ፣ ፓምፕ ቀይሮ፣ ያንኑ አሮጌ ክዳን መልሶ ይከድንበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቴርሞስታት የሚያወጣው ሐኪም ነው። በየሰፈሩ አይጠፋም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ መንገዱን ዘግቶ የሚቆይና እንደየሞተሩ ከ82 እስከ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፍት በር ጠባቂ ነው። ተጣብቆ አልከፍት ሲል ሞተሩ ይፈላል፤ ያኔ መቀየር ነው። ሐኪማችን ግን በር ጠባቂውን አባሮ በሩን ወለል አድርጎ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በቀላሉ አትሞቅም፤ ችግሩ ይህ ራሱ በሽታ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሯ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ፍጆታው ይወጣል፣ ሞተሩም ቶሎ ያረጃል። የመጀመሪያው ሙቀት መንስኤ የተደፈነ ራዲያተር ከነበረ ደግሞ ተደፍኖ እንደተቀመጠ ነው። ለጊዜው ተደብቋል፤ ትልቅ ዳገት እየጠበቀ ነው።

መፍላቷ የት እንደሆነ ማስተዋል ከሐኪሙ ይሻላል። ስትሄድ ደህና ሆና መጨናነቅ ውስጥ ስትቆም የምትሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ፋን ነው፤ ስትሄድ ነፋሱ ይተካዋል፣ ስትቆም ግን ያለ እሱ አየር የለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን መክፈት። በአብዛኞቹ መኪኖች የኤሌክትሪኩ ፋን ሳይዘገይ መዞር አለበት። በተቃራኒው ቆማ ደህና ሆና ዳገትና ረጅም መንገድ ላይ የምትሞቅ ከሆነ ራዲያተሩ፣ የኩላንቱ ማነስ ወይም ፓምፑ ይጠረጠራል። ከራዲያተሩ ፊት ኮንደንሰር የሚባለው ራዲያተር መሰሉ የኤሲ ዕቃ ይቆማል፤ በሁለቱ መሃል ዝንብ፣ ቅጠልና አቧራ ተጋግሮ ብርድ ልብስ ይሆናል። በቀስታ በሚፈስ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይታጠባል። በመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ግፊት ከተመታ ግን ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች ተጣጥፈው ይተኛሉ፤ የተረፈችውን የአየር መግቢያ በገዛ እጅ መዝጋት ነው።

እንግዲህ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ እንበል። የመጀመሪያው እርምጃ ኤሲውን አጥፍቶ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ነው። ተሳፋሪው «በዚህ ሙቀት ማሞቂያ? አሞሃል እንዴ?» ይላል። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት እየወሰደ ወደ ተሳፋሪው ያመጣል። ተሳፋሪው ያልባል፣ ሞተሩ ይተርፋል። ካልወረደ ዳር ይዞ ማጥፋት፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ ሰው ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ሊሰነጥቅ ወይም ሊያጣምም ይችላል። ከዚያ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይሄዳል። ምልክቱም፦ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ፣ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ፣ በራዲያተሩ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አየር።

ከሁሉ ተንኮለኛው ደግሞ ቀስቱ ሳይታሰብ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ኩላንቱ ፈስሶ ካለቀ የሙቀት ጠቋሚዋ የምትለካው ፈሳሽ አጥታ ባዶ ቦታ ላይ ልትቀር ትችላለች። ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ «በረደልኝ» ይላል፤ እኛም እግዜር ይስጥህ ብለን ነዳጅ እንረግጣለን።

እስከዚያው ኮፈኑ ዙሪያ ሸንጎ ተሰብስቧል። አንዱ ውሃ ይላል፣ አንዱ አየር ይዟል ይላል፣ አንዱ ከሩቅ ሆኖ «ሽታው የፍሪሲዮን ነው» ይላል። ዋናው ተናጋሪ መኪና የሌለው ነው። ቺንጊያውን (የሞተሩን ቀበቶ) ግን ማንም አላየውም፤ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ከሆነ ተሰነጣጥቆ ወይም ላልቶ ሊገኝ ይችላል። የራዲያተሩም የጎማ ቱቦዎች ሲበርዱ በእጅ ይጨመቃሉ፤ ካበጡ፣ ልክ ካጡ ወይም ሲጨመቁ ከተንቋቁ ቀናቸው ደርሷል።

ጎማ ላይ ደግሞ ከአያት የወረስነው ምክር አለ፦ «ሙቀት ነው፣ አየር ቀንስ።» በየሙቀቱ ወራት ጎማ የሚያፈነዳ ምክር ይህ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ጋር ተደምሮ ሽቦና ላስቲኩን ያላቅቃል። በየ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ግፊቱ አንድ ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ ነው) ያህል ከፍ ይላል፤ ጠዋት 32 የነበረው ከጉዞ በኋላ 36 ወይም 37 ቢያሳይ ጤና ነው፣ ፋብሪካው አስቦበታል። ከጋለ ጎማ አየር ያስተነፈሰ ሰው ሲበርድ ጎደሎ ይዞ ያድራል። መለካት የሚገባው መኪናዋ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመች በኋላ ነው። ቁጥሩ የሚነበበውም ብዙውን ጊዜ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፣ እዚያ ድረስ ሙሉ ማለት አይደለም።

እዚያው ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ተሠራ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም በየዓመቱ በባለሙያ ይታያል፣ አሥር ዓመት የሞላው ያለ ክርክር ይወርዳል። በብዙ አገሮች ሕግ የጥርስ ዝቅተኛው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። በቅባት ብዛት ጥልቀት አይመጣም። ስኮርታውም ጎማ ነው፤ ከሻንጣዎቹ ሥር ተቀብሮ ስለማይታይ አየሩ የሚለካው ክሪኩ መኪናዋን ካነሳ በኋላ ነው።

ባትሪን ብርድ ይገድለዋል የሚለው ወሬ ብርድን ያለ ጥፋቱ ያሳማል። ብርድ ሬሳውን ያሳያል እንጂ ገዳዩ ሙቀት ነው፤ ውሃውን ያተናል፣ ሳህኖቹን ያዝጋል። ሞተር ጠፍቶ ሲያድር 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.0 ሊያልቅ የደረሰ። ሞተር ሲሠራ ከ13.7 እስከ 14.7 መሃል ካልሆነ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይታይ። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውሃው ከጎደለ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ይጨመርበታል፤ አሲድ የሚጨምር ወዳጅ ባትሪውን ቶሎ ይገድላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ዝቅተኛው ልክ 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ያንን 155 ያለችግር ያገኘዋል፤ ዘይቱ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይገባል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ። መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ ዓመት የሞላው ትርፍ ዘይትም ጠጥቶ ጨርሷል።

የኤሲን ነገር ላሳጥረው፤ «ጋዝ አለቀ» የሚባል ነገር የለም። ጋዙ ዝግ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል፣ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ቶሎ ከጎደለ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ በየዓመቱ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጋዝም አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከጓንት ሳጥኑ ኋላ ያለው የጋቢና ማጣሪያ በየ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ሲገባው መኪናዋ ከተገዛች አልታየም። ከመኪናዋ ሥር ኤሲው ንጹህ ውሃ ሲያንጠባጥብ ጋራዥ የሚሮጥ ሰው አለ። ያው ሰው አረንጓዴ ነገር ሲፈስ «ከጎን የቆመችው መኪና ናት» ብሎ ያልፋል።

ቀልድ የሌለበት አንድ ነገር አለ። በፀሐይ የቆመች መኪና ውስጥ በአሥር ደቂቃ ሙቀቱ ከውጪው ወደ አሥር ዲግሪ፣ በአንድ ሰዓት ከ20 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ መስታወት ጥቂት ዝቅ ማድረግ እምብዛም አይረዳም፣ መነጽሩም አያድንም። የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ቶሎ ይግላል። «ሁለት ደቂቃ ነው» ተብሎ ልጅ ወይም እንስሳ አይተውባትም። ላይተርና ከ50 ዲግሪ በላይ አታቆዩኝ የሚል ጽሑፍ ያለበት የሚረጭ ቆርቆሮም እንደዚያው ይውጣ። ያ ከስፖኪዮው ሥር የሰቀልነው ሽቶ ቢቆይ ግድ የለም።

ለዚህ ሁሉ ፍተሻ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የኮፈኑ መክፈቻ ከክሩስኮቱ በታች ከሹፌሩ እግር አጠገብ ያለችው እጀታ ናት። ባለመኪናው አጎንብሶ ይፈልጋል፣ አንዷን ይስባል፣ ከኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። የነዳጁ ክዳን ተከፈተ። ወርዶ ይዘጋዋል፣ መነጽሯን ያስተካክልላታል፣ ለሚስቱም «ፈትሻታለሁ፣ ደህና ናት» ይላል።